የማይረጋ ደምና የማያቋርጥ ትምህርት

ስለ ቤተሰብ ጤንነት በሚነገርበት በዚህ ዓምድ ዛሬ የምናቀርበው ጥቂቶች ስለሚታመሙት፣ ነገር ግን ብዙዎች ሊያውቁት ስለሚገባ ሕመም ነው። ይኸውም ደም እንደ ልማዱ ሳይረጋ የሚቀርበት ሕመም ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ መካከል ይበልጥ የታወቀው ሄሞፊልያ ይባላል። አሳባችን ስለ ሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም እርሱን ተቀብለው ስለሚረዱት ሰዎች፣ ማለት ስለ ሐኪሙ፣ ስለ አስታማሚዋ፣ ስለ ላቦራቶሪ ሠራተኛውና ስለ ባልደረቦቻቸው ትምህርት ነው። መድኃኒት ባሕር ተሻግሮ በሣጥን ሊመጣ ይችላል። ዕውቀት ግን በሰው አእምሮ ተተክሎ በየጊዜው ውሃ የሚሻ ተክል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

መርጋት ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛን በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ስንል ከቃሉ እንጀምር። «መርጋት» የሚለው ቃል «ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ የደፈረሰ ውሃ ሲረጋ ይጠራል፤ የማይቸኩለውንም ሰው ረጋ ያለ ሰው እንለዋለን። ደምም እንዲሁ ነው። በሥሩ ውስጥ ሲመላለስ ፈሳሽ ነው፤ ሥሩ በተቆረጠ ጊዜ ግን በተቆረጠው በኩል ወፍሮና ጠንክሮ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላዋ ያገኛት ሴት ሁሉ ለሕይወቷ በሠጋች ነበር።

ደም የሚረጋው በአንድ ነገር ሥራ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ፕላትሌት የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን የደም ክፍሎች በቁስሉ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ፋክተር የሚባሉት በደም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በተራ እየተነሡ፣ አንዱ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን እየቀሰቀሰ፣ በመጨረሻ ፋይብሪን የተባለውን ክር መሰል ነገር ይሠራሉ። ነገሩ ቤት ለመሥራት የወጣ ደቦ ይመስላል። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከግንበኛው ዘንድ ይደርሳል፤ በመካከል አንድ ሰው ቢጎድል ግን ድንጋዩ እዚያው ይቆማል፣ ግድግዳውም አይነሣም። ስምንተኛው ፋክተር የጎደለበት ሰው ሄሞፊልያ ኤ አለበት ይባላል፤ ዘጠነኛው የጎደለበት ደግሞ ሄሞፊልያ ቢ አለበት ይባላል።

ይህ ሕመም በአብዛኛው በወንዶች ላይ ይታያል። ሄሞፊልያ ኤ ከሚወለዱት 5,000 ያህል ወንዶች መካከል በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ሄሞፊልያ ቢ ከዚህ ያነሰ ነው። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ 1,125,000 ያህል ወንዶች ይህ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል፤ ከነዚህም 418,000 ያህሉ በብርቱ የታመሙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን የሕመማቸውን ስም ሳያውቁ የሚኖሩ ናቸው። ሕመሙ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ቢሆንም፣ ከሕመምተኞቹ ሲሶ የሚሆኑት በዘራቸው ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ «በቤታችን የለም» ብሎ መዘናጋት፣ ወይም እናቲቱን መውቀስ አይገባም።

ብዙ ሰው የሄሞፊልያ ሕመምተኛ ደሙ ከሌላው ሰው ይልቅ በፍጥነት የሚፈስ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ፍጥነቱ እንደ ሌላው ሰው ነው፤ የሚቆምበት ጊዜ ግን ይዘገያል። ከሁሉ የሚከፋው በውጭ የሚታየው ደም ሳይሆን በውስጥ የሚፈሰው ነው። በጉልበት፣ በክርንና በቁርጭምጭሚት መጋጠሚያ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ያሳብጣል፤ ይህ ሲደጋገም መጋጠሚያው ይደርቅና ልጁ ገና በወጣትነቱ አንካሳ ይሆናል። በራስ ቅል፣ በአንገት ወይም በሆድ ውስጥ የሚፈሰው ደግሞ ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል።

ትናንት ትክክል የነበረ ዛሬ ሲጎዳ

ሰው ይህን ሕመም ማስተዋል የጀመረው ዛሬ አይደለም። በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በታልሙድ፣ በአንድ ቤት ሁለት ወንዶች ልጆች በግርዘት ምክንያት ደማቸው ፈስሶ ከሞቱ ሦስተኛው እንዳይገረዝ ተደንግጓል። ያን ጊዜ ስለ ፋክተር የሚያውቅ አልነበረም፤ ነገር ግን አስተዋይ ሰዎች ያዩትን ነገር ለሚቀጥለው ትውልድ አስተማሩት። የሕክምና ትምህርት ሥሩ ይኸው ነው።

በ1840 በለንደን ሳሙኤል ሌን የተባለ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደሙ አልቆም ላለው የ11 ዓመት ልጅ የሌላ ሰው ደም ሰጥቶ አዳነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሄሞፊልያ አንድ ዓይነት ሕመም ብቻ ይመስል ነበር። በ1952 ግን የእንግሊዝ ሊቃውንት ስቲቨን ክሪስማስ የተባለውን የአምስት ዓመት ልጅ ደም በመረመሩ ጊዜ፣ የጎደለው ነገር በሌሎቹ ሕመምተኞች ላይ ከሚጎድለው የተለየ መሆኑን አስታወቁ። ዛሬ ሄሞፊልያ ቢ የምንለው ያን ነው። በ1918 የተገደለው የሩስያ አልጋ ወራሽ አሌክሲም በዚሁ ዓይነት ይታመም እንደ ነበረ በ2009 በአፅሙ ላይ የተደረገው ምርመራ አሳይቷል።

ይህ የስም ልዩነት ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንስጥ። በ1964 ጁዲት ፑል የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ሊቅ፣ በብርድ የጠጠረ የደም ፈሳሽ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚዘቅጠው አተላ መሰል ነገር በስምንተኛው ፋክተር የተሞላ መሆኑን ደረሰችበት። ክሪዮፕሪሲፒቴት ተባለ። የደም ባንክ ያለበት አገር ሁሉ ሊያዘጋጀው ስለሚችል ለብዙ ሺህ ሕመምተኞች ሕይወት ሆነ። ነገር ግን በዚህ መድኃኒት ውስጥ ዘጠነኛው ፋክተር የለም። እንግዲህ ሁለቱን ዓይነቶች ለይቶ ያልተማረ ሰው ለሄሞፊልያ ቢ ሕመምተኛ ክሪዮፕሪሲፒቴት ቢሰጥ፣ መድኃኒት የሰጠ ይመስለዋል እንጂ ምንም አልሰጠም ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን ታሪክም አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት ከብዙ ሺህ ሰዎች ደም ተሰብስቦ በዱቄት መልክ የሚዘጋጅ ፋክተር በባለጸጎቹ አገሮች ተስፋፋ። ሕመምተኛው በገዛ ቤቱ ሊወጋው ስለቻለ ሁሉም ደስ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን በዚያው ዱቄት ውስጥ የኤድስና የጉበት በሽታ ቫይረስ መኖሩ ታወቀ። መድኃኒቱን በሙቀት የማንጻት ዘዴ እስኪስፋፋ ድረስ እጅግ ብዙ ሕመምተኞች ተለከፉ። ስሙ ለሕመሙ መጠሪያ የሆነው ስቲቨን ክሪስማስም በዚህ ምክንያት በ1993 ሞተ። ራሱ የሄሞፊልያ ሕመምተኛ የነበረውና በ1963 የዓለም የሄሞፊልያ ፌዴሬሽንን የመሠረተው ፍራንክ ሽናቤልም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1987፣ በዚሁ ምክንያት ሞቶ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ በዚህ ሕክምና አዲስ ነገርን ዘግይቶ መስማት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል መሆኑን ነው።

የዛሬውም ዘመን እንዲሁ ነው። ኤሚሲዙማብ የተባለው መድኃኒት በ2017 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ይህ መድኃኒት የስምንተኛውን ፋክተር ሥራ ተክቶ የሚሠራ ሲሆን፣ በደም ሥር ሳይሆን ከቆዳ ሥር በየሳምንቱ፣ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይወጋል። የደም ሥሩ ለማይገኝ ሕፃን ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር አስከትሏል። አንደኛው፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደም በተለመደው የመርጋት ምርመራ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ሕመሙ ግን አልጠፋም። ይህን ያልሰማ የላቦራቶሪ ሠራተኛ «ደሙ ደኅና ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ያልሰማው ሐኪምም አምኖ ቢቀድድ አደጋ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ከዚህ በፊት ይሰጥ ከነበረው አንድ ሌላ መድኃኒት ጋር በብዛት ሲቀላቀል በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። በትምህርት ቤት በነበረበት ጊዜ ይህን ሊማር የሚችል ሐኪም አልነበረም፤ መድኃኒቱ ገና አልተፈጠረምና። በሥራ ላይ ሳለ ካልተማረው ሌላ የሚማርበት ጊዜ የለውም።

የአንድ ሌሊት ሥራ

አሁን ደግሞ ነገሩ በሐኪም ቤት እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ብርቱ ሄሞፊልያ ኤ ያለበት፣ ክብደቱ 20 ኪሎ የሆነ የሰባት ዓመት ልጅ በምሽት ከደረጃ ወድቆ ራሱን ተመታ እንበል። አልቆሰለም፤ ደምም አልታየም። አባቱ አቅፎት ወደ ሐኪም ቤት ይሮጣል።

በመጀመሪያ የሚያገኘው በበሩ የቆመውን ዘበኛና ካርድ የሚያወጣውን ጸሐፊ ነው። እነርሱ ስለ ሕመሙ ካልሰሙ፣ ደም ያልታየበትን ልጅ ከወረፋው መጨረሻ ያሰልፉታል። ከሰሙ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያሳልፉታል። ቀጥሎ ተረኛዋ አስታማሚ አለች። እርሷ ካልተማረች ለሕመም ማስታገሻ አስፕሪን ትሰጠዋለች፤ አስፕሪን ደግሞ የፕላትሌትን ሥራ ስለሚያደናቅፍ በእሳት ላይ ላምባ እንደ መጨመር ነው። ወይም በጡንቻው ላይ መርፌ ትወጋዋለች፤ በዚያም ጡንቻ ውስጥ ደም ይቋጥራል። ከተማረች ለሕመሙ ፓራሲታሞል በቂ መሆኑን ታውቃለች፤ ወዲያውም ሐኪሙን ትጠራለች።

ሐኪሙ ካልተማረ «መጀመሪያ የራሱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ከዚያ እናያለን» ይላል። የዚህ ሕክምና ዋና ደንብ ግን አስቀድሞ ፋክተሩን መስጠት፣ ምርመራውን ማስከተል ነው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት አንድ ዩኒት ስምንተኛ ፋክተር ቢሰጥ በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን በመቶ ሁለት ያህል ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የዚህን ልጅ ፋክተር ወደ ሙሉ መጠን ለማድረስ 1,000 ያህል ዩኒት ያስፈልጋል። ሕመሙ ሄሞፊልያ ቢ ቢሆን ግን ዘጠነኛው ፋክተር በአንድ ዩኒት በመቶ አንድ ያህል ብቻ ስለሚያሳድግ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ሥራው በዚህ አያበቃም። ስምንተኛው ፋክተር ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የማታው ሐኪም ለጠዋቱ ተረኛ በጽሑፍ ካላስተላለፈ፣ በሌሊት የዳነው ልጅ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ሊጠፋ ይችላል። ይህን የምንጽፈው ወላጅ በራሱ እንዲያዝ አይደለም፤ የሙያውን ጥንቃቄ ለማሳየት ብቻ ነው።

መድኃኒት ቤቱን የሚጠብቀው ሰውም አለ። ፋክተሩ በየትኛው ማቀዝቀዣ እንዳለ፣ የሚያበቃበት ቀን መቼ እንደሆነ፣ በሌሊት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚገኝ የማያውቅ ከሆነ የሐኪሙ ትእዛዝ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የላቦራቶሪው ሥራ ደግሞ ከአደጋው በፊት የሚጀመር ነው። የልጁ ሕመም ኤ ይሁን ቢ የሚታወቀው በእርሱ ነውና። የመርጋት ምርመራ ደም የሚቀዳበት ብልቃጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሲትሬት የተባለ ፈሳሽ ያለበት ነው፤ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት መሆን አለበት። ብልቃጡ እስከ ምልክቱ ካልሞላ መጠኑ ይዛባና ጤነኛው ሰው ሕመምተኛ ይመስላል። ደሙም ከተቀዳ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ደግሞ ልጁ ከዳነ በኋላ ይመጣል። በመጋጠሚያ ውስጥ ደም በፈሰሰ ጊዜ መጀመሪያ ዕረፍት ይገባል፤ ዕረፍቱ ሲበዛ ግን ጡንቻው ይሟሽሻል። መቼ ማሳረፍ፣ መቼ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ እንደሚገባ ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ከዘበኛው እስከ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የቆጠርናቸው ሰዎች እንደዚያ በደም ውስጥ እንዳለው ደቦ ናቸው። ዘጠኙ አዋቂ፣ አሥረኛው ያልሰማ ቢሆን ሥራው በአሥረኛው ላይ ይቆማል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚስማማ ነው። ስለዚህም ትምህርቱ ለአንድ ሐኪም ብቻ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለም።

ስለ ሴቶችም አንድ ቃል

ይህ ሕመም የወንዶች ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ብዙ ሴቶችን ከሕክምና አርቋል። በ1926 ኤሪክ ፎን ቪሌብራንድ የተባለ የፊንላንድ ሐኪም በኦላንድ ደሴቶች ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ ጻፈ። ሐኪሙ መጀመሪያ ያያት ልጅ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በ13 ዓመቷ በአራተኛው የወር አበባዋ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ዛሬ በሐኪሙ ስም የሚጠራው ይህ ሕመም ወንድንም ሴትንም የሚይዝ ነው። የሄሞፊልያን ሕመም የሚያስተላልፉት እናቶችም አንዳንዶቹ ፋክተራቸው ያነሰ ስለሆነ በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ይፈሳቸዋል።

ሴት ልጅ ስለ ወር አበባዋ መናገር በሚያፍሩበት ቤት፣ «የሴት ነገር ነው፣ ይለፋል» ተብሎ ይቀራል። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም። አዋላጆችም ሴቲቱ ከወለደች በኋላ ደሟ ሲበዛ፣ ወንድሟ ወይም አባቷ ደም የማይረጋለት እንደ ነበረ ለመጠየቅ ካልተማሩ፣ በአንድ ጥያቄ ሊድን የሚችለው ሕይወት ያልፋል። ስለዚህ አዋላጆች ከዚህ ትምህርት ውጭ ሊሆኑ አይገባም።

በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ሁኔታ

በአካባቢያችን ይህን ሕመም የሚያባብሱ የኑሮ ልማዶች አሉ። ወንድ ልጅ መገረዙ የተለመደ ነው፤ የሕመሙም የመጀመሪያ ምልክት ብዙ ጊዜ በግርዘት ቀን ይታያል። በአንዳንድ ቦታ የሕፃን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀል ገና አልቀረም። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ ከሐኪም በፊት ወደ ወጌሻ ይወሰዳል፤ ወጌሻውም በደግ ልቡ አጥንት የወለቀ መስሎት ያሽዋል፣ ደሙም ይብስበታል። ገራዡና ወጌሻው ከመንደሩ የሚጠፉ አይደሉምና፣ ከማውገዝ ይልቅ ማስተማር ይሻላል። «ወንድሙ ወይም አጎቱ ደም አልቆም ብሎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ገራዥ ከብዙ አደጋ ያድናል።

ትምህርቱን በተመለከተ ከሌሎች የምንማረው አለ። ማዕከሉ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የሆነውና ከ140 በላይ በሆኑ አገሮች ማኅበሮች ያሉት የዓለም የሄሞፊልያ ፌዴሬሽን፣ ከ1996 ጀምሮ መድኃኒት በእርዳታ ያድላል። ከዚህም ጋር ሐኪሞችን፣ አስታማሚዎችንና የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ወደ ታወቁ ማሠልጠኛዎች ይልካል፤ የአንዱን አገር ሐኪም ቤት ከሌላው አገር ሐኪም ቤት ጋር እንደ መንታ ወንድም ያጣምራል፤ አንድ ዓይነት የደም ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ልኮ ውጤታቸውን በማስተያየት ስሕተታቸውን እንዲያርሙ ያደርጋል። የሕክምናውን መመሪያ መጽሐፍም በየጊዜው ያድሳል፤ ሦስተኛው እትም በ2020 ወጥቷል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኤልዶሬት ከተማ ያለው የሞይ የማስተማሪያና የሪፈራል ሐኪም ቤት ከአሜሪካ ከኢንዲያና ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ለዚህ ሕመም የሚሆን ሕክምናን ከዋና ከተማው ውጭ አቋቁሟል።

የመንገድ ርቀትም ትምህርትን እንዳይከለክል ዘዴ ተገኝቶለታል። በ2003 በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ የተጀመረው ኤኮ የተባለው የትምህርት ዘዴ፣ በየገጠሩ ያሉትን የጤና ሠራተኞች በቴሌቪዥን መስኮት ከሊቃውንት ጋር በየጊዜው የሚያገናኝ ነው። የገጠሩ ሐኪም የገዛ ሕመምተኛውን ሁኔታ ስም ሳይጠራ ያቀርባል፤ ሊቃውንቱም ከሌሎቹ ጋር ሆነው ይመክሩበታል። መጀመሪያ ለጉበት በሽታ የተሠራ ሲሆን በኋላ ለብዙ ሕመሞች፣ ለደም አለመርጋትም ጭምር አገልግሏል። በኢትዮጵያም የጤና ባለሙያ የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ በሥራ ላይ ሳለ ተከታታይ የሙያ ትምህርት እንዲወስድ በመመሪያ ተወስኗል። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ የቀረው የትምህርቱን ይዘት በሚገባ መምረጥ ነው።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ስለሚገኙ፣ ለእነርሱ የሚሆን ጥቂት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለትምህርት የሚላከው ሰው በማዕርግ ብቻ አይመረጥ። ብዙ ጊዜ ወደ ጉባኤው የሚሄደው አለቃው ነው፤ በሌሊት ሕመምተኛውን የምትቀበለው ግን ተረኛዋ አስታማሚ ናት። የምስክር ወረቀቱ በአለቃው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዕውቀቱም እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ የሠራተኛ ዝውውር በጥንቃቄ ይሁን። በብዙ ድካም የተማረች አስታማሚ በሦስተኛው ወር ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር፣ ለሐኪም ቤቱ ትምህርቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ከመዛወሯ በፊት የምትተካትን ሰው ታስተምር፤ የዝውውሩም ደብዳቤ ይህን ይጠቁም።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ በዓመት አንድ ቀን የሚከበር በዓል አይሁን። የዓለም የሄሞፊልያ ቀን ከ1989 ጀምሮ በያመቱ ኤፕሪል 17 ቀን ይከበራል፤ መልካም ነው። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው ግን በየወሩ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ባለፈው ወር የመጡትን ሕመምተኞች ሁኔታ አንሥቶ፣ ከበር እስከ ደም ሥር ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ መቁጠርና የት እንደ ዘገየ መመርመር ይገባል። ሕክምናው ደሙ መፍሰስ ከጀመረ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢጀመር መልካም ስለሆነ፣ የሚለካው ነገር ይህ ነው። የሚማሩትም ከበላዮቻቸው ሳይፈሩ እንዲናገሩ ይደረግ፤ ወቀሳ ባለበት ጉባኤ እውነት አይወጣም።

አራተኛ፣ በድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ በግልጽ አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ሉሕ ይለጠፍ። ፋክተሩ የት እንዳለ፣ ለማን እንደሚደወል፣ ምን እንደማይሰጥ የሚናገር ይሁን። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ወላጆችም አስተማሪዎች ናቸው

በመጨረሻ ለአባቶችና ለእናቶች የምንለው አለን። ልጃችሁ መዳኽ በጀመረ ጊዜ በጉልበቱና በደረቱ ላይ ያለ ምክንያት በለዝ ቢበዛበት፣ ከንፈሩ ወይም ድዱ ተቆርጦ ለረጅም ሰዓት ቢደማ፣ ከተገረዘ በኋላ ደሙ አልቆም ቢል፣ ሳትደብቁ ለሐኪም ንገሩ። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ የሕመሙን ዓይነት፣ የልጁን ክብደትና የሐኪሙን ስልክ የያዘ ካርድ በልጁ ኪስና በእናቱ ቦርሳ ይኑር። ክትባት አትከልክሉት፤ ለሚወጋው ሰው ግን አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ የተቻለ እንደሆነ ከቆዳ ሥር ይወጋ፤ መርፌው ቀጭን ይሁን፤ ከወጋውም በኋላ ቦታው ለ10 ደቂቃ ይያዝ። ጥርስ ከመንቀል በፊት የጥርስ ሐኪሙና የደም ሐኪሙ ይነጋገሩ። ጥርሱን በየቀኑ የሚፋቅ ልጅ ጥርስ ለማስነቀል የሚሄድበት ምክንያት ያነሰ ነው።

መድኃኒት በበቂ በሚገኝበት አገር ልጆቹ ከመድማታቸው በፊት በየጊዜው ፋክተር ይሰጣቸዋል። ይህን ልማድ በ1958 በስዊድን በማልሞ ከተማ ኢንጋ ማሪ ኒልሶን የተባለችው ሐኪም ጀመረችው፤ ልጆቹም መጋጠሚያቸው ሳይደርቅ አደጉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው። በአገሮቻችን መድኃኒቱ ገና እንደ ልብ ባይገኝም፣ ያለውን በትክክል ለመጠቀም የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን እጃችን ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

የሕመምተኛ እናት የልጇን ሕመም ከብዙ ባለ ሙያ ይልቅ ታውቀዋለች። ልጁ «ጉልበቴን ይነዝረኛል» ሲል፣ እብጠቱ ሳይታይ ደም መፍሰስ መጀመሩን ትረዳለች። በሐኪም ቤት «ልጄ ሄሞፊልያ አለበት፤ አስቀድማችሁ ፋክተሩን ስጡት» ስትል ሊያዳምጧት ይገባል። ባለ ሙያ ከእናት መማሩ ክብሩን አይቀንሰውም። የሐኪም ክብር በሽተኛው ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚታይ ነውና፣ በየሐኪም ቤቱ ያሉት የሥራ ባልደረቦች ሁሉ ከመጽሐፍም፣ ከጓደኛም፣ ከሕመምተኛም ሳያቋርጡ እንዲማሩ፣ ኃላፊዎችም ጊዜውንና ገንዘቡን እንዲፈቅዱላቸው አጥብቀን እናሳስባለን።